የጋሼ ሁለተኛ ጊታር

ኅዳር 6

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ መቀስዎ የተሳለ፣ ወንበርዎም ደንበኛ ያልተለየው ሆኖ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ እኔ ግን የምውለው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ስለሆነ የወቅቱን መለወጥ የማውቀው ከሥራ ስወጣ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ አፍንጫዬ ሲቀዘቅዝ ነው። ሥራዬ እንደ ድሮው ነው። ገጻቸው የተገነጠለ መጻሕፍትን አጣብቃለሁ፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ አንባቢ ተናድዶ ጠርዝ ላይ የጻፈውን ስድብ በላጲስ አጠፋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። ሁለተኛ ጊታር ለመግዛት አስቤአለሁ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ጥቂት ተመላልሼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለምን እንዲህ እንደከበደኝ አላውቅም። የሚገዛው ከኪራዩና ለእናቴ ከምልከው ተርፎ «ለመደሰቻ» ብዬ ከምለያት ትንሽ ገንዘብ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መጽሐፍ መግዛት ትቻለሁ፤ የምፈልገውን ከሥራ ቦታዬ ተውሼ አነባለሁ። ስለዚህ በሒሳብ ከተሄደ ማንንም አልበደልኩም። ሆኖም የእርስዎ ጊታር ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ስለ ሌላ ጊታር ማሰብ፣ የሞላ ሳህን ፊቴ ተቀምጦ የጎረቤትን ሳህን እንደ ማየት ያለ ነገር ሆነብኝ።

የእርስዎ ጊታር ደህና ነው። ሌላ የሚያስፈልገኝ እሱ ተበላሽቶ አይደለም። ዕድሜው ገፋ ስላለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር ወደምንጫወትበት አዳራሽ በአውቶቡስ ግፊያ መሀል ይዤው ስሄድ እሳሳለታለሁ። አንድ ርካሽ ቦክስ ጊታር ቢኖረኝ እሱ ይወጣል ይወርዳል፣ የእርስዎ ደግሞ ቤት ያርፋል።

እንግዲህ ምክር ይስጡኝ። እርስዎ ሁለተኛዎን ሲገዙ ምን ምን አይተው መረጡ? ለጉዞ የወጣሁ ዕለት በር ላይ ጊታሩን አስታቅፈውኝ ያሉኝን አልረሳሁትም፦ «ውሰጂው! እኔ ሌላ ገዝቻለሁ። አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ሁለት ጊታር ማለት ሁለት ሚስት ማለት ነው፤ ሰላም አይሰጡኝም።» ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ይዤው ሄድኩ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ፤ ያንን ሁለተኛውን በዓይኔ አላየሁትም፣ ድምፁንም አልሰማሁትም። በስልክ ያሰሙኝ ስልዎ «ስልክ ጊታርን ጣሳ ያስመስለዋል» ይሉኛል። ቢያንስ በወረቀት ያስተዋውቁን።

ዕድሜና ጤና ይብዛልዎ።
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 29

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣ ለፕሮፌሰሯ፣

ባለሽበት ብርዱ አይንካሽ፣ የምትረግጪው መሬት አያዳልጥሽ፣ ያነበብሽውም ሁሉ ይርጋልሽ። እኔም እናትሽም ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ትናንት ሱቄ ድረስ መጥታ «ይህን ሁሉ ፀጉር ሳትጠርግ ነው ሰው የምታስገባው?» ብላ በደንበኛ ፊት አዋርዳኝ ሄዳለች።

ሊቀመንበሩም ሰላም ይልሻል። ያው እንደምታውቂው ነው፤ ከሹፍርናው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ከእኔ እኩል ይገባል፣ ማታ ከእኔ እኩል ይወጣል። አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር ሳይኖር ፀጉር ቤት የማይጠፋ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ደብዳቤሽን ሳነብለት «ፈቃድ?» አለ። «ለጊታር ፈቃድ ከጠየቀች፣ ባል ስታገባማ ማኅተም አስመታችሁ ላኩልኝ ልትል ነው!» ቶንዶሱ ሥር የነበረው ደንበኛ ሲስቅ ጭንቅላቱ ተንቀሳቅሶ ጎኑን ላበላሽበት ነበር።

የሆነው ሆኖ፣ ፈቃዱ ተሰጥቷል። ስትገዢ ቀለሙን አትዪ፤ ቀለም ለሻጭ ነው። መጀመሪያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ እዪ፤ ከጎበጠ ተዪው። ቀጥሎ ደረቱን በጣትሽ አንጓ ቀስ አድርገሽ ምቺው። ባዶ ቤት ያንኳኳሽ ከመሰለሽ ደህና ሁን በዪው፤ ሰው ከውስጥ «አቤት» ያለሽ ከመሰለሽ ያ ነው። ሻጩ የሚያወራ ከሆነ ዝም እስኪል ጠብቂ፤ የሚያወራው ጊታሩ እንዳይሰማ ነው።

የእኔ ሁለተኛው? አለ። ተሰቅሎ ያየኛል። ምን ይጻፍለታል ብለሽ ነው፤ እንጨት ነው።

ካላስቸገርኩሽ አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚያ የግራ እጅ መቀስ ይገኛል ሲባል እሰማለሁ። የእኔው አፉ ላልቷል፤ በተራው መቀስ ስሠራ ደግሞ አውራ ጣቴ ይላጣል። ውድ ከሆነ ተዪው። የጊታር ክር ልላክ ወይ እያልሽ በየጊዜው የምትጠይቂኝ ግን አያስፈልግም። እንደ ሄድሽ የላክሽልኝ አለ፤ እንደ አዲስ ነው።

በርቺልኝ።
አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

የእጅዎ ሥራ የሰመረ፣ የቤትዎ ደጅ የማይቀዘቅዝ ይሁን። እናቴን ጉልበቷን ስለእኔ ይሳሙልኝ። ለሊቀመንበሩም ማኅተሙን እንደማልረሳ ይንገሩልኝ።

ባለፈው ደብዳቤዬ «የእርስዎ ጊታር ደህና ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ደህና አይደለም። ያንን ስጽፍም ደህና አልነበረም፤ ቀና ብዬ እያየሁት ነው የጻፍኩት። ከጻፍኩ ወዲህ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ እነግርዎታለሁ።

የሰቀልኩት ከማሞቂያው በላይ ነበር። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ነጻ ግድግዳ የለኝም። ሙቀቱ ቀስ በቀስ እንጨቱን አደረቀው፤ ከቀዳዳው በታች ደረቱ ተሰነጠቀ፤ ክሮቹ ከታች የታሰሩበት እንጨትም ከሥሩ ተነሥቶ ወረቀት ያስገባል። ለመጻሕፍቱ የአየሩን እርጥበት ጠዋትና ማታ በመሣሪያ እየለካሁ የምመዘግብ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። የራሴን ግድግዳ ግን አንድ ቀን አልለካሁም።

ከመኖሪያዬ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያገለገሉ ጊታሮችን የሚጠግንና የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ወሰድኩለት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰና፦

«ማነው እንዲህ ያደረቀው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ካልሲ መሰለሽ ማሞቂያ ላይ የሚሰጣው?»

እንደሚጠገን ነገረኝና አድራሻዬን እንድጽፍ እርሳስ ሰጠኝ። መጻፍ ስጀምር እጄን ትክ ብሎ አየው።

«ቆይ፣ በቀኝሽ ነው የምትጽፊው?»

«አዎ።»

«ጊታሩ እኮ የግራኝ ነው።»

«የአጎቴ ነው። እሳቸው ግራኝ ናቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ተማሪያቸው ነኝ።»

ሳቀ፤ ከዚያ ግን መሳቁን ትቶ አስረዳኝ። ቀኝ ሆኜ በግራ መማሬ ለካ ለእጄ ገደብ አበጅቶለት ኖሯል፤ ቅዳሜ ፈጣኖቹ ዜማዎች ላይ ሁልጊዜ ወደኋላ የምቀረው በስንፍናዬ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው እንዳለኝ ለግራኝ የተሠራ ጊታር እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ከአቅሜ በላይ ነው። በእኔ አቅም የሚገኘው ተራው የቀኝ ነው። እሱን ገዝቼ እርስዎ እንዳደረጉት ክሩን መገልበጥ፣ ወይም በቀኝ እጄ እንደ አዲስ መጀመር ነው ያለኝ ምርጫ።

ስለዚህ የእርስዎ ሁለተኛ እንዴት እንደሆነ ማወቅ የግድ ሆነብኝ። ሲሠራም ለግራኝ የተሠራ ነው ወይስ እንደ መጀመሪያው ተራውን ገልብጠውት ነው? ተገልብጦስ ምን እንከን አመጣ? እባክዎ ከግድግዳው አውርደው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡትና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ጥያቄ ማብዛቴን ያውቁታል፤ ይታገሡኝ።

መቀሱን እያፈላለግሁ ነው። ስለ ጊታሩ ይቅር ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 5

ለፕሮፌሰሯ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ሐሳብሽ ይቅለል። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ደግሞ ደንበኛ በዛ፤ ደግሞ ብዕሩ ቀለም ጨረሰብኝ። ከእነዚህ ውስጥ ያመንሽውን ውሰጂ።

ስለ ስንጥቁ አትጨነቂ። እንጨት ይሰነጠቃል። ሰው ደህና ይሁን እንጂ የተሰነጠቀ እንጨት ሙጫ ይበቃዋል።

ቀኝ መሆንሽን ድሮም አውቃለሁ። እዚያው መስተዋቱ ሥር ተቀምጠሽ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ አይሽ ነበር እኮ። ለአንቺ ክሩን ገልብጬ፣ ለእኔ ደግሞ መልሼ መገልበጥ ነበረብኝ። ደንበኛ ይመጣል፣ ይመሻል፣ ነገ እላለሁ። ልጅ ነች ትለምደዋለች አልኩ። ለመድሽውም። የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ መልመድሽ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ሁለተኛውም ተራ የቀኝ ነው፤ ገልብጬው ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን አጥንት ስሞርድ እጄ አዳልጦኝ የወፍራሙ ክር ቦይ ወደ ውስጥ ገባ አለች፤ ስለዚህ ወፍራሙ ክር ከጠርዙ ይሸሻል። መጀመሪያ ያበሽቃል፣ በኋላ ጣት ይለምደዋል። ከቀዳዳው አጠገብ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጣ ያለች ምልክት አለች። በስተኋላ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ የቀበቶ ዘለበት የጫረው መስመር መስመር አለ፤ መስኮት ላይ የወረደ ዝናብ ይመስላል። ከመቃኛዎቹ አንዱ ሲዞር ይንጫጫል፤ የላይኛው አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ነው። ክንድ የሚጋደምበት ጠርዝ ወዝ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። አፍንጫሽን ወደ ቀዳዳው ብታስጠጊ የሳሙና አረፋና የሽቶ ሽታ አለው፤ ከእኔው እጅ የተጋባበት ነው። ጭን ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊት ማዘንበል ይወዳል፤ በክርንሽ ያዝ ካላደረግሽው ይሄዳል፤ ጎረምሳ ነው።

ሌላ ምን ልጻፍልሽ? ጥሩ ጊታር ነው።

መቀሱን ተዪው፤ በአሮጌው ለምጃለሁ። ያንን ገንዘብ ጊታሩ ላይ ጨምሪውና ለግራኝ የተሠራውን ግዢ። የለመድሽውን አትልቀቂ።

አጎትሽ


የካቲት 21 (ሳይላክ የቀረ)

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ከጥገና የተመለሰው የዚያኑ ቀን ነበር። የእርስዎ ሁለተኛ ከእኔው በምን እንደሚለይ ላመሳክር ብዬ ወረቀት አዘጋጅቼ፣ በአንድ በኩል የእርስዎን በሌላ በኩል የእኔን እየጻፍኩ ወረድኩ።

ወፍራሙ ክር ከጠርዙ ይሸሻል። የእኔውም ይሸሻል። የቁልፍ ያህል ነጭ ምልክት፤ ትንሿ ጣቴ ላይዋ ላይ ነበረች። አገላብጬ ጀርባውን በመብራቱ በኩል ያዝኩት፤ ዝናቡ አለ። መቃኛውን አዞርኩት፤ ተንጫጫ። የመጨረሻዋን ለማየት ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመትና ከዚያ ሁሉ ማሞቂያ በኋላ የእርስዎ ፀጉር ቤት እዚያ ውስጥ አለ።

ሁለተኛ ጊታር የለዎትም። ኖሮዎትም አያውቅም። አውርደው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት ብዬ ባዘዝኩዎ ጊዜ ባዶ ጭንዎ ላይ ያስቀመጡት ይህንኑ ነው።

ለምን ቀድሜ አላወቅሁም? «እንደ ሄድሽ የላክሽልኝ ክር እንደ አዲስ ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ጣት የነካው ክር እንደ አዲስ አይቆይም፤ በየጥቂት ወሩ የምቀይር ሰው ይህን አላጣውም። በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ የተጣለች ነጥብ የማታመልጠኝ እኔ፣ ይህችን አነበብኩና አለፍኳት። እናቴን ብጠይቃት በአንዲት ቃል ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ ያን ዕለት በር ላይም «ሌላ ገዝቻለሁ» ሲሉኝ «የታለ?» አላልኩም። ሁሉን ነገር የምጠይቅ፣ በጥያቄ ሰው የማሰለች ልጅ ያችን አንድ ጥያቄ ዋጥኳት። ጊታሩን ፈልጌው ነበር። መልሱ እንዳይወስድብኝ ነው ዝም ያልኩት።

ወሰድኩብዎ፣ ማሞቂያ ላይ ሰቅዬ ሰነጠቅሁብዎ፣ ከዚያ ሁለተኛ ልግዛ ወይ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁዎ። እርስዎም ሰጡኝ፤ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ እዪ እያሉ።

ይህን አልልከውም። እውነት ሁሉ መነገር አለበት ብዬ አምን ነበር። ይህችኛዋ ግን የእርስዎ ንብረት ናት፤ ያለ ፈቃድዎ ላወጣት አይገባኝም። ከእርስዎ አንድ ነገር ሳልጠይቅ ወስጃለሁና ሁለተኛ አልደግመውም።


የካቲት 28

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጉንፋኑ እንደለቀቀዎ፣ ብዕሩም ቀለም እንዳገኘ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

የጻፉልኝ መግለጫ ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞኛል። ደጋግሜ አነበብኩትና ወሰንኩ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሄጄ ያገለገለ፣ ተራ፣ የቀኝ ጊታር ገዛሁ። ምክርዎን አልረሳሁም፤ አንገቱን አነጣጥሬ አየሁ፣ ደረቱን አንኳኳሁ። አንዳንዱ ጭራሽ ሰው የለበትም። ከጥግ የነበረ አንድ አቧራማ ግን «አቤት» አለኝ። ሽማግሌው ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

«ግራኝ አልነበርሽም እንዴ?» አለኝ።

«ዛሬ ቀኝ ሆኛለሁ።»

«መድኃኒቱን ንገሪኝ፤ እኔም ወጣት ልሁንበት።»

ስለዚህ በቀኜ እንደ አዲስ ጀምሬአለሁ። አያስቡ፤ ቀላል ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ላስቸግርዎ። የመጀመሪያው ጊታር በደንብ ተጠግኗል፤ ነገር ግን ሽማግሌው እንዳስጠነቀቀኝ እንዲህ ባለ ደረቅ ክፍል ውስጥ ከቆየ እንደገና ይሰነጠቃል። ክፍሌን መቀየር አልችልም። የእርስዎ ሱቅ ግን ውኃ ሲፈላበት፣ ፎጣ ሲታጠብበት የሚውል ስለሆነ አየሩ ይስማማዋል። በመሥሪያ ቤታችንም ደንቡ ይኸው ነው፤ አየሩ ያልተስማማው መጽሐፍ ወደሚስማማው ክፍል ይዛወራል፤ ማንም ቅር አይለውም። በእርስዎ ዘንድ እንዲያርፍልኝ ቢፈቅዱ ከሐሳብ ያሳርፉኛል። ከሁለተኛዎ ጎን የምትሆን አንዲት ምስማር ካለች ትበቃዋለች። እንደ ሁለት ሚስት ከተጣሉብዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 22

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ ይጠበቅ። ደብዳቤሽን አንብቤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ደንበኛ ሸኝቼ አውጥቼ ደግሞ አነበብኩት። ብዙ ቀን እንዲህ ኪሴ ውስጥ ሲወጣ ሲገባ ማጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል።

አይሆንም ልልሽ ነበር። የሰጠሁትን ዕቃ መልሼ የምቀበል ሰው አይደለሁም። ለሊቀመንበሩም ይህንኑ ነገርኩት።

«መልሰህ ውሰድ መች አለችህ?» አለኝ። «አስቀምጥልኝ ነው ያለችህ። ከማንበብ መስማት ይሻልሃል፤ ለእኔ ስታነብልኝ እኮ ገባኝ። ደግሞስ ያቺ ምስማር...» ብሎ ጀመረና ተወው። ፎጣ የምሰቅልባትን ምስማር አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። መላጣ ሰው ሲያስብ ከውጭ ይታያል። እኔም ወንበሩን አጸዳሁ።

እሺ፤ ይምጣ። ከሌላው ጎን ቦታ አለ። አደራ ነው እንግዲህ፤ የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳታሳምሪ ንገሪኝ። ቀላል ነው ያልሽው እውነት ነው? ቅዳሜ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? ጻፊልኝ እንጂ ለእኔ ብለሽ አትቀቢው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 17

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ጊታሩን ዛሬ በጭነት መላኪያ ልኬዋለሁ። ክሮቹን አላልቼ፣ አንገቱን በሹራቤ ጠቅልዬ፣ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ ነው ያስተኛሁት። ከአንገቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያገኛሉ፤ ስለት ስለሆነ ሲፈቱት ይጠንቀቁ። መቀሱን ተዪው ብለውኝ ነበር፤ ያልታዘዝኩዎ በዚህ ብቻ ነው።

ሳታሳምሪ ንገሪኝ ስላሉኝ፦ ቀላል አይደለም። የግራ እጄ ጣቶች ክር መጫን አያውቁም፤ ቀኝ እጄ ደግሞ ምቱን ይረሳዋል። ያችን መጀመሪያ ያስተማሩኝን አጭር ዜማ እንኳ ሳልደናቀፍ አልጨርሳትም። ቅዳሜ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ፤ ግን ጊታር አልይዝም። ለሚጫወቱት የኖታ ወረቀት እገልጣለሁ። አንዷ «ምነው ተጣላሽ?» አለችኝ፤ «እጅ እየቀየርኩ ነው» አልኳት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። አዲሱን እወደዋለሁ። ከሥራ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ የማነሣው ጊዜ አለ። በተደሰትኩ ቁጥር የእርስዎ ግድግዳ ይታየኛል፤ ያኔ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አነሣዋለሁ።

በመንገድ አንዳች ነገር ከደረሰበት አይደብቁኝ። ለሌላኛውም ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 8

ለፕሮፌሰሯ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ደርሷል። ከደረሰም ቆይቷል፤ ቶሎ ያልጻፍኩልሽ እጄ ሥራ ስለያዘ ነው።

ሣጥኑን የከፈትነው ሱቅ ውስጥ ነው። እናትሽም ነበረች። ሹራብሽን አንሥታ ይዛው ሄደች፤ አልመልስም ብላለች። ስንጥቁን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሽማግሌሽ እጁ ይባረክ፣ ካልነገሩ አይታወቅም። መቀሱም ተጀምሯል። የመጀመሪያው ጭንቅላት የሊቀመንበሩ ይሁን ብዬ አስቀምጬው በባዶ አየር ላይ ቆረጥኩለት፤ «ከጎን አሳጥርልኝ፣ ከላይ ተወው» እያለ ሲያሾፍ ዋለ። አሁን ግን ቅሬታ አለው። «ይኼ ፀጉር ቤት ነው ወይስ ሙዚቃ ቤት? ሰው ጢሙ በአረፋ ተሸፍኖ ዜማ እስኪያልቅ ይጠብቃል እንዴ?» ይላል። ሲያልቅ ግን «ያቺን ድገማት» የሚለው እሱው ነው።

የቀኝ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ለስልሶ ኖሮ ተላጡብኝ። ሽቶ ስነካ ያቃጥለኛል። የአንቺም ግራ እጅ እንዲሁ እንደሆነ ገምቻለሁ። አትተዪ፤ ይደነድናል። አዲሱንም ስታነሺ መልሰሽ አታስቀምጪው፤ የእኔን ግድግዳ ለእኔ ተዪልኝ።

ትናንት ሱቁ ጭር ሲል ወንበሩን ወደ መስተዋቱ አዙሬ ያችን የመጀመሪያዋን ዜማ ተጫወትኳት። ቀና ስል መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በቀኙ ነው የሚጫወተው። አንቺ አሁን የያዝሽው እንደሱ ነው ማለት ነው። እየተንገዳገደ ነበር እሱም፤ ግን ጨረሳት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አብሮት የመጣው ክር ደክሞ ኖሮ አንዱ ተበጠሰ። ስለዚህ እንደ ሄድሽ የላክሽልኝን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ ማሸጊያውን ቀድጄ አሰርኩበት። ይኸው እሱም ላቤን ጠጥቶ መደብዘዝ ጀምሯል። ሲመቸሽ ክር ላኪልኝ። ብዙ እንዳትገዢ፤ ለአንድ ጊታር የሚሆን ይበቃኛል።

አጎትሽ